ከሃል እስከ ኤደን፦ የአንዲት ዓሣ አስጋሪ መርከብ ትዝታ

የአምስቱ ዓመት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚነሳው ደጋው ነው። ማይጨው ይነሳል፣ የሸዋና የጎጃም አርበኞች ይነሳሉ፣ ኦሜድላ ላይ የተተከለው ሰንደቅ ዓላማ ይነሳል። ባሕሩ ግን ከወሬው ውጪ ነው። ጣልያን በባሕር እንደመጣ፣ ጭነቱንም ምፅዋ ላይ እንዳራገፈ ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቀይ ባሕር የሌለ ያህል ይሆናል። እኔም በወጣትነቴ የማውቀው ይህንኑ ነበር። ደጋ ተወልዶ ላደገ ልጅ ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ካለፈም ሙሴ ሕዝቡን ያሻገረበት በኦሪት የተጻፈው ነው።

ዓይኔ የተከፈተው በ1950ዎቹ ምፅዋ ወርጄ የንጉሠ ነገሥቱን ባሕር ኃይል ነጭ ልብስ ከለበስኩ በኋላ ነው። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ከአስመራ ሲወርዱ መንገዱ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ጊንዳዕን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ፊትን ይመታል፤ ምፅዋ ሲደርሱ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ተጣብቋል። ወደቡ ላይ ሳምቡክ የሚባሉት ጀልባዎች ተደርድረው፣ የደረቀ ዓሣና የሬንጅ ሽታ አየሩን ሞልቶት፣ ከዚያ ማዶ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋናዋ መርከባችን ግራጫ ቀለሟን ተቀብታ ትታያለች። እሷም ብትሆን አዲስ አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥር ፓሲፊክ ላይ ያገለገለች፣ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የተሰጠች ነበረች። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ጃንሆይ ይወርዳሉ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የሶቪየት መርከቦች ይመጣሉ፤ ከተማዋ በየቋንቋው በሚያወራ መርከበኛ ትጥለቀለቃለች።

አሠልጣኞቻችን ኖርዌጂያኖች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የወፈሩና የተጣመሙ፣ ገመድ ሲቋጥር ግን ዓይን የማይከተለው ሰው ነበር። ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ነው የመጣው። ጦርነት ሲባል እኛ ትልልቅ መድፍ የተሸከሙ መርከቦች እናስባለን፤ እሱ የሚያወራው ስለ እንጨት ጀልባዎች ነበር። ጀርመን በ1932 ኖርዌይን ከያዘች በኋላ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እየነዱ ወደ ሼትላንድ ደሴቶች ሸሹ። ከዚያም እነዚያው ጀልባዎች በእንግሊዞች አደራጅነት ክረምት ክረምቱን ወደ ኖርዌይ መመላለስ ጀመሩ። በጋ ላይ በዚያ አገር ሌሊቱ ስለማይጨልም መደበቂያ የለም፤ ስለዚህ ማዕበሉ የከፋበትን፣ ጨለማው የረዘመበትን ወቅት መረጡ። ሲሄዱ የጦር መሣሪያ፣ ሬዲዮና ሰላይ፤ ሲመለሱ ከጀርመን የሚያመልጥ ስደተኛ ይጭናሉ። ከሩቅ ላያቸው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። መረቡ አለ፣ በርሜሉ አለ። በርሜሉ ግን ውስጡ በሲሚንቶ የተለበጠ ነው፤ በመካከሉ መትረየስ ተደብቋል።

ይህን ሲነግረን እኛ ወጣቶቹ እንስቅ ነበር። እሱ አይስቅም። በ1935 ጥቅምት «አርቱር» የተባለች ጀልባ ሁለት ሰው የሚጋልባቸው ትናንሽ ቶርፔዶዎች ከሥሯ አስራ፣ «ቲርፒትዝ» የተባለችውን የጀርመን ታላቅ የጦር መርከብ ለማስመጥ እስከ ትሮንድሃይም ፊዮርድ ድረስ እንደገባች ነገረን። በላይዋ ላይ የጫነችው ፒት የሚባል አፈር መሰል ማገዶ ነበር። የጀርመን ፍተሻ ወረቀቷን አይቶ አሳለፋት። ዒላማው ጥቂት ሲቀረው ማዕበል ተነሳና ቶርፔዶዎቹ ተበጥሰው ቀሩ። ሰዎቹ ጀልባቸውን በገዛ እጃቸው አስምጠው በበረዶ ላይ በእግራቸው ወደ ስዊድን ተሻገሩ። ካፒቴኑ ሌይፍ ላርሰን ይባላል፤ በኖርዌይ ሐውልት የቆመለት ሰው ነው።

ለእኔ ግን የቀረበኝ ሌላ ወሬ ነበር። በእነሱ ባሕር ይህ ከሆነ በእኛ ባሕር ምን ሆኖ ይሆን ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ምፅዋ ውስጥ ሳምቡክ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጣልያን ጊዜ የባሕር ኃይሉ ወደብ ላይ በቀን ሠራተኝነት ያገለገሉ። «ወደይ፣» አሉኝ አንድ ቀን መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «እዚህ ስምንት ሰርጓጅ መርከብ ነበረ። ጦርነቱ በተጀመረበት በዚያው ወር ግማሹ ጠፋ። የሰመጠው ሰመጠ፤ አንዷን ግን ዓሣ የሚያጠምድ መርከብ ማረካት ብለው ጣልያኖቹ ራሳቸው ሲያወሩ ሰማን። ያን ጊዜ አላመንንም።» እኔም አላመንኩም። ኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ሆኖ ያገኘሁት።

መርከቧ «ሙንስቶን» ትባላለች። ስትሠራ ግን ስሟ «ሌዲ ማደሊን» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 በእንግሊዝ ምሥራቅ ዮርክሸር ቤቨርሊ በምትባል ከተማ፣ ከባሕር ራቅ ብሎ በወንዝ ዳር ባለ መርከብ መሥሪያ ተሠራች። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ሃል የሩቅ ባሕር ዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ነበር። ከሃል የሚወጡት መርከቦች ወደ አይስላንድ፣ ወደ ባረንትስ ባሕር እየዘለቁ መረባቸውን በባሕሩ ወለል ላይ እየጎተቱ ለሳምንታት ይቆዩ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ የሚጠይቀውን መርከብ መገመት ይቻላል። ፊቷ ከፍ ያለ፣ ሆዷ የሰፋ፣ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ቢያላጋት የማትገለበጥ፣ በረዶ ቢጫናት የምትችል። ቆንጆ አይደለችም፤ ፈጣንም አይደለችም።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እንዲህ ያሉትን መርከቦች የፈለገው ለዘዴ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ አንድ ነገር አስተውለዋል፤ በውሃ ውስጥ የተጠመደ ፈንጂ መጥረግና መረብ መጎተት ሥራው አንድ ነው። ሁለቱም ረጅም የብረት ገመድ ከኋላ ለቅቆ፣ ጥልቀቱን ጠብቆ፣ ገመዱ ሲከብድ ምን እንደያዘ በእጅ ማወቅ ነው። መርከበኛ አሠልጥኖ ይህን ከማስተማር ዓሣ አጥማጁን ከነመርከቡ መውሰድ ይቀላል። ስለዚህ ከዓሣ አጥማጆቹ ራሱን የቻለ የተጠባባቂ ክፍል አቋቋሙ፤ ማዕረጉን እንኳ በዓሣ አጥማጆቹ የራሳቸው አጠራር «ስኪፐር» እያሉ ተዉት። በሁለተኛው ጦርነት ዋና መምሪያቸው በምሥራቅ ጠረፍ ሎስቶፍት ነበር፤ ያውም የከተማው ሕዝብ ሙዚቃ ሲሰማበት በነበረ የመናፈሻ ቦታ። የመደበኛው ባሕር ኃይል ሰዎች ያሾፉባቸው ነበር። በዘመኑ ሁሌ መኪናው እየተበላሸችበት ሕዝብ በሚያስቅ ሃሪ ቴት በሚባል ቀልደኛ ስም «የሃሪ ቴት ባሕር ኃይል» ይሏቸዋል። እነሱም ስሙን ተቀብለው ኮሩበት።

«ሌዲ ማደሊን»ን ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1939 ገዝቶ፣ በከበሩ ድንጋዮች ስም ከሚጠራቸው መርከቦች ጎራ አስገብቶ «ሙንስቶን» አላት። የመረቡ ማንሻ ተነቀለ። ዓሣው በበረዶ ይቀመጥበት የነበረው ጎተራ ለሰውና ለጥይት ሆነ። ከፊቷ ከፍ ያለ መቀመጫ ተሠርቶ አንድ 102 ሚሊ ሜትር መድፍ ተተከለ፤ ከኋላዋ በርሜል የሚያህሉ የውሃ ውስጥ ፈንጂዎች ተደረደሩ። ከሥሯ ደግሞ አስዲክ የሚባለው መሣሪያ ተገጠመ፤ ድምፅ ወደ ውሃ ውስጥ ልኮ ብረት ነክቶ ሲመለስ የሚያዳምጥ ነው። እንዲህ ሆና ነው ከበረዶው ባሕር ወጥታ ወደ ኤደን የመጣችው።

ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት አወጀ። የምፅዋ ሰርጓጆች ወጡ። ከእነሱ አንዷ በታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ ስም የተሰየመችው «ጋሊሌዮ ጋሊሌይ» ናት፤ ወደ ሺህ ቶን የምትጠጋ፣ ሁለት ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፎችና ስምንት የቶርፔዶ አፎች ያሏት። የተመረቀችበት ዓመት ከ«ሙንስቶን» ጋር አንድ ነው፤ እሷም እ.ኤ.አ. የ1934 ናት። ሰኔ 9 ቀን ከኤደን ወጣ ብሎ «ጄምስ ስቶቭ» የተባለች የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አጋየች። ያ ኖርዌጂያን አሠልጣኛችን ይህን ሳልነግረው አገሩ መግባቱ ዛሬም ይቆጨኛል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ አንዲት የዩጎዝላቪያ መርከብ በማስጠንቀቂያ ጥይት አስቆመች። መርከቧ ገለልተኛ ስለነበረች ለቀቀቻት፤ ጥይቱ ግን ያለችበትን አሳወቀ። አውሮፕላኖች መጡባት፣ ሌሊቱን ስትታደን አደረች።

እዚህ ላይ ስለ ጣልያኖቹ አንድ ነገር ልበል፤ ጠላት ቢሆኑም። እነዚያ ሰርጓጆች ለቀይ ባሕር ሙቀት የተሠሩ አልነበሩም። ውስጣቸውን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ይሠራ ነበር። ጋዙ ሽታው አይታወቅም፤ ቧንቧው ሲያፈስ መርከበኛው ሳያውቀው ይመረዛል፣ ይቃዣል፣ አእምሮው ይስታል። «ማካሌ» የተባለችው፣ በመቀሌ ስም የተጠራችው ሰርጓጅ፣ በዚሁ መርዝ ሰዎቿ ራሳቸውን ስተው ሰኔ 8 ቀን ከደሴት ድንጋይ ጋር ተላትማ ቀረች። «ጋሊሌይ»ም ውስጥ ይኸው መርዝ ገብቶ ነበር። የምፅዋን የሰኔ ሙቀት ለሚያውቅ ሰው በተዘጋ ብረት ውስጥ፣ በተመረዘ አየር፣ ከላይ እየታደኑ ማደር ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሰኔ 12 ቀን ረፋዱ ላይ የ«ሙንስቶን» አስዲክ ብረት ነካ። አዛዧ ሙርማን የሚባል ቦስን ነው፤ ከተራ መርከበኛነት ተነስቶ በአገልግሎት ያደገ እንጂ ከመኮንኖች ትምህርት ቤት የወጣ አልነበረም። ፈንጂ ጣለ፤ ጠፋችበት፤ ፈልጎ ደግሞ ጣለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰርጓጇ ራሷ ከውሃው ብቅ አለች። ካፒቴኗ ኮራዶ ናርዲ ባየው ነገር ሳይበረታታ አልቀረም፤ የሚያድነው ትልቅ የጦር መርከብ ሳይሆን አንዲት ዓሣ አስጋሪ ናት። ሁለት መድፍ ለአንድ። በላይ ላዩ ተዋግቶ ማምለጥ ይችላል።

ተኩሱን ጣልያኖቹ ጀመሩ፤ ዒላማቸውን ግን አላገኙም። ሙርማን አልሸሸም፤ ፊቱን አዙሮ በቀጥታ ገሰገሰባት። ይህ አነጋገር ለጀግንነት ማሞቂያ አይደለም፤ በመርከብ ውጊያ ፊት ለፊት መግጠም ማለት ለጠላት ጠባቡን ጎን ማሳየት ማለት ነው። እየቀረበ ሲሄድ መትረየስና ጠመንጃ ያለው ሁሉ የሰርጓጇን የመድፍ ተኳሾች ከመድፋቸው አጠገብ አባረረ። ከዚያ ያቺ አንዷ መድፍ የሰርጓጇን ማማ መታች፤ ደገመች። ናርዲ ሞተ፣ አብረውት ማማው ላይ የነበሩ መኮንኖችም ሞቱ። የቀሩት ነጭ ጨርቅ አውለበለቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ያስቃል። ዓሣ አስጋሪዋ ከእሷ የሚበልጥ ሰርጓጅ ማረከች፤ ምርኮኛው ግን ቢገባባት ቦታ የላትም። መድፏን ደግና አጠገቧ ቆመች፣ እርዳታ እስኪመጣ ጠበቀች። «ካንዳሃር» የተባለች አጥፊ መርከብ ደርሳ «ጋሊሌይ»ን እየጎተተች ኤደን አስገባቻት። እንግሊዞች ባንዲራዋን ቀይረው «ኤክስ 2» ብለው ለራሳቸው ተጠቀሙባት። ውስጧ የተገኘው ወረቀት ደግሞ ከመርከቧ ይበልጥ ነበር፤ የሌሎቹን ሰርጓጆች ትዕዛዝ የያዘ ነበርና። ሰኔ 16 ቀን «ቶሪቼሊ» ፔሪም ደሴት አካባቢ ከሦስት አጥፊዎች ጋር ተዋግታ ሰመጠች፤ በማግሥቱ «ጋልቫኒ» በኦማን ባሕረ ሰላጤ ሰመጠች። ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ጦርነት በታወጀ በሁለት ሳምንት ከስምንቱ አራቱ የሉም። የቀሩት አራቱ በ1933 ምፅዋ መውደቋ እንደማይቀር ሲታወቅ አፍሪካን በደቡብ ዞረው ቦርዶ ገቡ።

እንግሊዞች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ቀልድ ያደርጉታል፤ ትንሿ ትልቋን አሸነፈች ዓይነት። እኔ ቀልዱ አይታየኝም። የሚታየኝ መንገዱ ነው። ከሱዳን ተነስቶ ከረን ላይ የተዋጋው የህንድ አምስተኛ ክፍለ ጦር በባሕር መጥቶ ፖርት ሱዳን የወረደ ነው። የምፅዋ ሰርጓጆች ስምንትም ሆነው ቀይ ባሕርን ቢዘጉት ኖሮ ያ ጦር በምን ይመጣ ነበር? መጋቢት 18 ቀን 1933 ከረን ወደቀች፣ መጋቢት 30 ምፅዋ ወደቀች፣ ሚያዝያ 27 ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ። ምፅዋ በወደቀች በሦስተኛው ቀን ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጣና አይደለም ብለው አወጁ፤ የአሜሪካ መርከቦችም በዚያው መንገድ ወደ ስዌዝ ጭነት መውሰድ ጀመሩ። ነፃ ያወጣችን ዓሣ አስጋሪዋ ናት አልልም፤ ያን ብል አርበኞቹ ከመቃብር ይነሱብኛል። ግን የደጋው ድል ከሥሩ የባሕር በር እንደነበረው፣ በሩንም ከከፈቱት መካከል ለሃል ሰዎች መረብ ስትጎትት የኖረች መርከብ እንደነበረች ልጆቻችን ቢያውቁት ምን ይጎዳል?

እንዲህ ያሉት መርከቦች ዕድል ሁልጊዜ እንዲህ አላማረም። «ሌዲ ሸርሊ» የተባለች ሌላ የሃል ዓሣ አስጋሪ መስከረም 24 ቀን 1934 ዓ.ም. ከካናሪ ደሴቶች አጠገብ «ዩ 111» የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ ገጥማ አሰመጠች፤ 44 ምርኮኛ ይዛ ጂብራልታር ገባች። ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ ሌላ ሰርጓጅ በቶርፔዶ መታት፤ አንድም ሰው አልተረፈ። ሎስቶፍት ላይ በዚያው መናፈሻ አጠገብ የቆመው መታሰቢያ 2,385 ስም ተጽፎበታል፤ ሁሉም ከባሕር በቀር መቃብር የሌላቸው ናቸው። «ሙንስቶን» ግን ተረፈች። ጦርነቱ ሲያበቃ እ.ኤ.አ. በ1946 ተሸጠች፣ «ሬድ ላንሰር» የሚል ስም ወጣላት፣ መድፏ ተነቅሎ መረቧ ተመለሰላት፤ ወደ ዓሣዋ ሄደች።

የእኛዋ «ኢትዮጵያ» እንዲህ አልታደለችም። በ1983 ግንቦት ያመለጠው አምልጦ የመን ሲገባ እሷም እዚያ ገባች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብረታ ብረት ተሸጠች። ምፅዋም፣ ያ ባሕር ኃይልም፣ ነጩ ልብስም ከእኛ ጋር የሉም። የአብሮ አደጎቼ ግማሽ ያህሉ በየመን፣ በኬንያ በኩል አድርገው አሜሪካና አውሮፓ ገብተዋል፤ አንዳንዶቹም አሠልጣኞቻችን አገር ኖርዌይ ናቸው። ስንደዋወል የምናወራው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ባሕር ኃይል ቀን፣ ስለ ሞቱት ጓደኞቻችን ነው። ስለ 1932 ሰኔ ግን ከእኔ ሌላ የሚያነሳው ሰው አላጋጠመኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ያን ዘመን ምፅዋ ላይ ከሠሩ አባቶች፣ ከወደብ ሠራተኞች፣ ከሳምቡክ ባለቤቶች የሰማችሁት ካለ፣ ሰርጓጆቹ ሲወጡ ያየ፣ ወደቡ በሰመጡ መርከቦች ሲደፈን የነበረ ዘመድ ካላችሁ ጻፉት፤ መጻፍ ካልሆነላችሁ በስልካችሁ ቅዱትና ለልጆቻችሁ ስጡ። እኔ ያንን ሽማግሌ ስማቸውን እንኳ አልመዘገብኩም፤ እናንተ መዝግቡ።